ሐይቅ ላይ በፓራግላይዲንግ ለመብረር ለምታስቡ

ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ሄደን ስንበር የተነሳናቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አያስፈራም እንዴ?» ያስፈራል። ግን የሚያስፈራው አየር ላይ ስትሆኑ ሳይሆን ተረተሩ ላይ ቆማችሁ ተራ ስትጠብቁ ነው። ቀኑም በአብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ ነው። በረራው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ መጠበቁ ግን ሰዓታት ይፈጃል፤ በተለይ እንደኛ በቡድን ከሄዳችሁ። ስለዚህ ስለ ሰማዩ ብቻ ሳይሆን ስለ መጠበቁ፣ ስለ ጓደኛ ጉትጎታ፣ ስለ ሱሪና ሻርፕ፣ ስለ ገበሬው ማሳም እጽፋለሁ። እኛ ስንሄድ እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ የነገረን ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ፓራሹት» ይለዋል፤ ጨርቁ ስለሚመስል። ግን ከአውሮፕላን አይዘለልም። ዳገት ላይ ጨርቁ ከኋላችሁ ይዘረጋል፣ ነፋሱ ከፊት ለፊት ሲመጣ ቁልቁል ትሮጣላችሁ፣ ጨርቁ አየር ሞልቶ ክንፍ ይሆንና ያነሳችኋል። በቃ። ስፖርቱ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሚዩሲ በምትባል መንደር የፓራሹት ዘላዮች ለአውሮፕላን መክፈሉ ሲከብዳቸው ከተራራ ላይ እየሮጡ መነሳት ጀመሩ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚባለው ፈረንሳይም ይሠራል ማለት ነው።

ለጀማሪ የሚሆነው ታንደም የሚባለው ነው። እናንተ ከፊት፣ አብራሪው ከኋላ፣ ሁለታችሁም በአንድ ክንፍ። የሚነዳው እሱ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ሲነሳ መሮጥ፣ ሲያርፍ እግርን ማዘጋጀት፣ በመሃል ደግሞ እጅን ሰብሰብ አድርጎ መቀመጥ ነው።

እኛ የሄድነው ከደሴ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ልጆች፣ ታናሽ እህቴና የሷ ጓደኞች። ያበረሩን ለጉብኝት የመጡ አብራሪዎች ናቸው፤ ከመሃላችን አንዱ በሥራ ያውቃቸው ነበር። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፦ አብራሪ መሆንና ሰው ይዞ ለመብረር መፈቀድ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለብቻው ጥሩ የሚበር ሰው ሁሉ ታንደም አይበርም። ፈቃዱን ለማየት ጠይቁ፤ ደህና አብራሪ አይቀየምም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የኛዎቹ ሳንጠይቅ ነው ያሳዩን።

ቦታው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካሉት ተረተሮች አንዱ ነው፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቁ። ለምን ወደ ምሥራቅ የዞረ ዳገት እንደመረጡ ስጠይቅ የነገሩኝ ቀላል ነው፦ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው እሱን ነው፤ የሞቀው አየር ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ ሽቅብ የሚመጣ ለስላሳ ነፋስ ነው ለመነሳት የሚፈለገው። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ወደ ምዕራብ የዞረ ዳገት ይፈለጋል። ወሩም ዝም ብሎ አልተመረጠም። ጥር ላይ አዝመራው ገብቷል፣ ማሳው ባዶ ነው፣ በልግ ገና አልጀመረም። ጥቅምት ላይ ብትመጡ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ዓይን ይሞላል፣ ግን የት ታርፋላችሁ? የሰው ጤፍ ላይ?

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገራችሁ። ከመብረራችሁ በፊት ለቀበሌው፣ ለፖሊስና ለአካባቢው ሽማግሌዎች አሳውቁ። ወረቀቱ አንድ ነገር ነው፣ በአካል ሄዶ መንገር ሌላ ነገር ነው። በኛ አገር ከሰማይ የሚመጣ ነገር ሲታይ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጥሩ ነገር አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወሎ ለኖረ ሰው አልነግርም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ ስላልሆነ አብራሪዎቹ ስለ አየር ክልሉ አስቀድመው ጠይቀው ነበር። ከእኛ ልጆች አንዱ በዋዜማው ሄዶ የማሳውን ባለቤትና ጎረቤቶቹን አነጋገረ፤ ነገ ጠዋት ትልቅ ባለቀለም ጨርቅ ታያላችሁ፣ ሰው ነው፣ አትደንግጡ፣ በሬዎቹን ግን ትንሽ ራቅ አድርጉልን አለ። ባይነገራቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ልብስ። ሱሪ ልበሱ፣ ሴቶችም። ቀሚስ ለብሳችሁ ብትመጡ የእግር ማሰሪያው በጭን መሃል ስለሚያልፍ ትቸገራላችሁ። ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ይሻላል፤ ተረተሩ ድንጋይ ነው። ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ሂጃብ ያላችሁ ጫፉን ጃኬት ውስጥ አስገብታችሁ ዚፑን ዝጉ፤ ተንጠልጥሎ ከተተወ ገመድ ውስጥ ይገባል። ሂጃብ የምትለብሰው ጓደኛችን ሄልሜቱን ከላይ አድርጋ ምንም አልተቸገረችም፣ ከሁላችንም እሷ ናት ያልበረዳት። ጃኬት የምለው የምሬን ነው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል 2,030 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ተረተሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው፣ ጠዋት ላይ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ጓንት ያላችሁ ያዙ። ስልካችሁን በገመድ እሰሩ ወይም ለሰው ስጡ፤ ከላይ የወደቀ ስልክ ስልክ መሆኑ ያበቃል፣ ከታች የሚመታውም ሰው ይኖራል።

ቁርስ ብሉ፣ ግን በልክ። ባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ የጠገበ ሆድም ያቅለሸልሻል። እኔ ትንሽ ቂንጬ ነው የበላሁት። ቡናውን አቦል ላይ አቁሙት፤ ተረተሩ ላይ ሽንት ቤት የለም፣ ቁጥቋጦውም እንደምታስቡት አይከልልም።

ክብደት። ይሄ ጉዳይ ቡድናችንን ከፖለቲካ በላይ አጨቃጭቋል። የሁለት ሰው ክንፍ የተወሰነ ክብደት ነው የሚሸከመው፤ ብዙዎቹ አብራሪውን፣ ተሳፋሪውንና ዕቃውን ጨምሮ እስከ 220 ኪሎ አካባቢ ናቸው። አብራሪው ክብደታችሁን የሚጠይቀው ማን ከማን ጋር በየትኛው ክንፍ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበር ለመወሰን ነው። ቀለል ያለ ሰው ነፋሱ ደከም ሲል፣ ከበድ ያለው ትንሽ ጠንከር ሲል ይነሳል። ስለዚህ እውነቱን ተናገሩ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኪሎ ሲጠየቅ ግማሹ ሰው ድምፁ ጠፋ፣ አንዱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዘመኑን ኪሎ ተናገረ፤ አብራሪው ከላይ እስከ ታች አይቶት ፈገግ አለና ሃያ ጨምሮ ጻፈ። ቀድማችሁ ቤት ተመዘኑና በጽሑፍ ላኩ፤ ከሐሜትም ትድናላችሁ።

እንግዲህ መጠበቁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተረተሩ ላይ ነበርን። መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ድንጋይና እሾህ መልቀም ነው፤ ጨርቁ ስስ ናይለን ነው፣ የቀጋ እሾህ ካገኘው ይቀደዳል። ገመዶቹም ቀጫጭን ናቸው፣ አንዳንዱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይወፍርም፤ ሰው ከረገጣቸውና ድንጋይ ላይ ከታሹ ይጎዳሉ። እዚህ ላይ ልጆቹ መጡ። ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ብቻ ከብት ጠባቂው፣ ውኃ ቀጂው፣ ተማሪው ሁሉ ደረሰ። ማባረር አያዋጣም። እኛ ከመንደሩ ጎልማሶች ሁለቱን ለመንን፣ የቀን ሥራቸውን ከፈልናቸው፣ አንድ መስመር አስምረው ልጆቹን ከዚያ ወዲያ አስቀመጧቸው። እነሱ ባይኖሩ ያ ጨርቅ ከጠዋቱ አያልፍም ነበር።

አብራሪዎቹ ደግሞ ዝም ብለው ቁጭ ብለው ያያሉ። ምን እንደሚያዩ ካላወቃችሁ ያናድዳል፤ ከኛ ልጆች አንዱ «እነዚህ ሰዎች ሊያበሩን ነው ወይስ ሊጸልዩ ነው የመጡት?» ብሎ ነበር። የሚያዩት ይሄን ነው፦ ከታች ከጎጆዎቹ የሚወጣው ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል። ዛፉ መቼ እንደሚነቃነቅና መቼ ጸጥ እንደሚል። አሞራዎቹ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ ወይስ ዘርግተው ይዞራሉ። አሞራ ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ካለ እዚያ ጋ ሞቃት አየር ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። አብራሪዎቹ ያን ተርማል ይሉታል፤ ያለ ሞተር ከፍ የሚሉበት ዘዴ እሱ ነው። ለጀማሪ ግን የበዛ ተርማል ጥሩ አይደለም፣ ያንገጫግጫል። ለዚያ ነው ጠዋት በጊዜ የሚበረው። ነፋሱ ከኋላ ከመጣ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። በሚወዛወዝ ነፋስም አይነሳም። «አሁን አይሆንም» ሲሉ አትከራከሩ፣ አትለምኑ፤ «እሺ ይሁን» የሚል አብራሪ ከገጠማችሁ ነው መፍራት ያለባችሁ።

በዚህ የመጠበቅ ሰዓት ቡድኑ ራሱ ችግር ይሆናል። እዚህ ጋ ቆም ልበል። አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ይፎክራል፣ አንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለውን እዩት። እህቴ ደሴ እያለን ከሁላችንም በላይ የጓጓችው እሷ ነበረች፤ ተረተሩ ላይ ደርሳ ቁልቁለቱን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ ጉትጎታው ጀመረ፦ «ኧረ አታሳፍሪን!»፣ «እዚህ ድረስ መጥተሽ!»፣ «አብሽሪ ምንም አትሆኚም!» ሁሉም በፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን ሲደማመር እንደ ክምር ይጭናል። አብራሪው የሚባለው ባይገባውም ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ መጥቶ መሃል ቆመና ማንም ሰው ካልፈለገ እንደማይበር፣ የተገፋ ሰው ደግሞ መሮጫው ላይ እንደሚቆም፣ ያ ለሁለቱም አደጋ እንደሆነ ነገረን። እህቴ አልበረረችም። ሬዲዮ ተሰጣትና የተራ አስያዥ ሆነች፤ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን ሄልሜት እንዳለው፣ ማን እንዳረፈ እሷ ነበረች የምታውቀው። ከቡድናችሁ የማይበር ሰው ካለ ሥራ ስጡት፣ አትዘኑለት።

ተራችሁ ሲደርስ የሚያስሩላችሁን ነገር በዓይናችሁ ተከታተሉ። ሃርነስ የሚባለው መቀመጫ ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ይመስላል። የእግር ማሰሪያው፣ ሁለቱም፣ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። የደረቱ መቆለፍ አለበት። የሄልሜቱ ማሰሪያ መጥበቅ አለበት። ከክንፉ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ የብረት ቀለበቶች መዘጋት አለባቸው። የእግር ማሰሪያ መርሳት በዚህ ስፖርት የታወቀ አደጋ ነው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ረስተውት ሞተዋል። አብራሪው ያያል፣ እናንተም እዩ። መጠባበቂያ ፓራሹቱ የት እንዳለም ጠይቁ፤ እጃችሁ በስህተት መያዣውን እንዳይጎትት።

ትእዛዙን አስቀድማችሁ ተስማሙ። የኔ አብራሪ ከአማርኛ የያዘው «ሩጥ!» የሚለውን ብቻ ነበር፣ ሴቱንም ወንዱንም በሱ ነው ያስነሳን፤ ማንም አልተቀየመም።

አሁን ዋናውን ነገር። ሩጡ። ጨርቁ ሲነሳ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፣ በጣም፤ ሰው ከኋላ የያዛችሁ ነው የሚመስለው፣ እግር በራሱ ሊቆም ይፈልጋል። አትቁሙ። ደረታችሁን ወደፊት ሰጥታችሁ ግፉ። ትንሽ ቆይቶ ጉተታው ይለቅና ቀለል ይላችኋል፤ ትልቁ ፈተና ያኔ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የተነሳ መስሎት ይቀመጣል። እግራችሁ አየር ላይ እስኪሮጥ ሩጡ። የኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ እንዲሸከማችሁ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው አሥር ከመቶ ያህል ፈጠን ማለት አለባችሁ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ፦ ከመኪናው ጀምሮ ሲፎክር የነበረው የሥራ ባልደረባችን ጥቂት እርምጃ ሮጠና ቁጭ አለ። አብራሪውን ጭምር ይዞ በቂጡ ተንሸራተተ። ክንፉ ወዲያው ስለወረደ ማንም አልተጎዳም፤ የሱሪው ነገር ግን አይነሳ። ልጆቹ የሳቁት ሳቅ እስከ ውርጌሳ ሳይሰማ አይቀርም።

እኔ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላየሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ፤ ስገልጥ እግሬ ገና ይሮጣል፣ ከስሩ ግን መሬት የለም። አብራሪው ጀርባዬን ሲነካኝ ወደ ኋላ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፍርሃቱ የት እንደገባ አላውቅም። ከፎቅ ቁልቁል ሲያዩ የሚመጣው ራስ ማዞር አልመጣም፤ እግራችሁን ከመሬት የሚያገናኝ ነገር ስለሌለ ነው ይላሉ። ያልጠበቅሁት ድምፁን ነው። ውሻ ሲጮህ፣ አንዲት እናት ልጇን ስትጠራ፣ እንጨት ሲፈለጥ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወደ ላይ ይመጣል። ከአብራሪው ትከሻ ላይ ደግሞ ትንሽ መሣሪያ «ቲት ቲት» ትላለች፤ ከፍ ስንል ትፈጥናለች፣ ስንወርድ ድምጿ ይወፍራል።

በቀኝ በኩል ሐይቁ ነበር። ከሩቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት መሬት ወደ ውኃው ገብቶ ይታያል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። አክስቶቼ በር ላይ ተሳልመው ሲመለሱ ነው ያደግሁት፣ እና ከሩቅም ቢሆን ዛፎቹን ከላይ ሳይ ሆዴ ባባ። አብራሪዎቹ በላዩ ላይ አይበሩም፣ እኛም አስቀድመን አስጠንቅቀናቸው ነበር። ወደ ውኃው መሃልም አይሄዱም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በዚያ ላይ ሃርነስ ታስሮ ውኃ ላይ መውደቅ ዋና ለሚችልም አደገኛ ነው፣ ገመዱ ይጠመጠማል፣ የመቀመጫው ስፖንጅ ደግሞ ከኋላ ስለሚንሳፈፍ በግንባራችሁ ይደፋችኋል።

ስንት ደቂቃ ትቆያላችሁ? ክንፉ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ ይወርዳል። ከመነሻው እስከ ማረፊያው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከሆነ አራት አምስት ደቂቃ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ዳገቱን ይዞ ከወጣ ወይ ተርማል ከተገኘ ይረዝማል። ግማሽ ሰዓት እንበራለን ብላችሁ ለሰው አታውሩ።

ሲዞር ያቅለሸልሻል። ዓይናችሁን ቅርብ መሬት ላይ አታድርጉ፣ ሩቅ ተራራ ላይ ትከሉ። ካልተሻላችሁ ተናገሩ፣ አብራሪው ቀጥ አድርጎ ያወርዳችኋል። ዝም ብሎ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ ቢያስመልሳችሁ የሚያገኘው ከኋላችሁ ያለውን ሰው ነው።

ማረፉ ከመነሳቱ ይቀላል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ስትሉ ከመቀመጫው ወጥታችሁ ቁሙ፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉ፣ ሲነካ ሁለት ሦስት እርምጃ ሩጡ። እኔ የታጨደ የማሽላ ማሳ ላይ ነው ያረፍኩት። አገዳው ተቆርጦ የቀረው ጉቶ ሹል ነው፤ ለጫማው ሌላ ምክንያት ይኸውላችሁ። የማሳው ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና «የኔ ልጅ፣ በደህና ገባሽ?» አሉኝ፣ ከሩቅ አገር የመጣሁ ያህል። ከዚያ ቀና ብለው እያዩ «ይሄ ነገር የሚዘራ ነገር አይረጭም?» ብለው ጠየቁ። አንበጣ ሲመጣ በአውሮፕላን መድኃኒት ሲረጭ አይተዋል፣ ጥያቄያቸው ልክ ነው። አይረጭም ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሰዎቹን ይዤ ለቡና እንድመጣ አዘዙ። ማሳ ላይ ለሚያርፍ ሰው ሁሉ የምለው፦ ባለቤቱን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ለተረገጠው ነገር ስጡ፣ ቡና ከተባላችሁ ደግሞ ግቡ። ሦስተኛውን ሳትጠጡ መነሳት አይቻልም፣ ጊዜ መድቡለት።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አብራሪዎቹ ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ። ከታች ማሳው ላይ አቧራ እያዞረ የሚሄድ ነፋስ አይተው ነበር፤ ተርማሉ በርትቷል ማለት ነው። ገና ያልበረሩ ልጆች ነበሩ፣ ኩርፊያው አይጣል ነው፤ አንዷ ፈቃድ ለምና ነው የመጣችው። ግን ነገ ጠዋትም ቀጠሮ ስለያዝን ሐይቅ አደርን፣ የቀሩት በማግስቱ በሩ፣ ሱሪው የተቀደደው ባልደረባችንም በተውሶ ሱሪ እንደ እብድ ሮጦ ተነሳ። ስለዚህ በቡድን ከሆናችሁ ሁለት ጠዋት ያዙ። በአንድ ጠዋት ሁሉም ይበራል ያላችሁ ሰው ካለ ወይ ነፋሱን አያውቅም ወይ ገንዘባችሁን ፈልጓል።

ገንዘቡን በተመለከተም ነፋስ ከከለከለ ተመላሽ ይሆናል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱ። ለሚቀጥለው ጥር የምትሰባሰቡ ካላችሁ ደግሞ የኪሎ ዝርዝሩን ካሁኑ ጀምሩት፣ እሱ ነው ብዙ ጊዜ የሚወስደው።